ውሉ ቋሚ፣ ካሳው ጊዜያዊ

‹‹ነፃ ንግድ ሁሉንም ያበለጽጋል›› የሚለውን ስብከት በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፤ ‹‹ሁሉም›› የተባሉት እነማን ናቸው? የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በመጻሕፍታቸው የሚሉት ሌላ ነው። አገር በጠቅላላው ታተርፋለች፤ በመካከል የሚጎዱ ይኖራሉ፤ ከትርፉ ቆንጥሮ ተጎጂዎቹን መካስ ይቻላል ይላሉ። ይህች ‹‹ይቻላል›› የምትባል ቃል ከመማሪያ ክፍል ወጥታ ምክር ቤት ስትደርስ ምን እንደምትሆን ግን ከአሜሪካ የፋብሪካ ሠራተኛ የተሻለ የሚመሰክር የለም። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚያች ቃል ነው። ሙግቴም አጭር ነው፦ ፋብሪካው ባሕር ተሻግሮ ለሄደበት ሠራተኛ መንግሥት የሚከፍለው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ ተከፍሎ ያልቃል እንጂ ቀኑ ስላለፈ አይሰረዝም። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕዳ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954 የአሜሪካ የብረት ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴቪድ ማክዶናልድ፣ ራንዳል ኮሚሽን በተባለው የንግድ ፖሊሲ መርማሪ ጉባኤ ውስጥ አባል ሆነው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። መንግሥት ቀረጥ ዝቅ አድርጎ ለውጭ ዕቃ በሩን ሲከፍት፣ በዚህ ምክንያት ከሥራው ለሚፈናቀለው ሠራተኛ መቋቋሚያ ይስጥ የሚል ነበር። ኮሚሽኑ አልተቀበላቸውም። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀረጥ የመቀነስ ሰፊ ሥልጣን ከኮንግረስ ሲጠይቁ የሠራተኛ ማኅበራቱ ድጋፍ አስፈለጋቸው፤ ያን ጊዜ ሐሳቡ ከመሳቢያ ወጣ። መንግሥት ለአገር ይበጃል ብሎ የወሰነው ውሳኔ የሚያስከትለውን ጉዳት ጥቂቶች ብቻቸውን ሊሸከሙት አይገባም ተባለ። በ1962ቱ የንግድ ማስፋፊያ ሕግም ‹‹ትሬድ አድጀስትመንት አሲስታንስ››፣ በእኛ አነጋገር የንግድ ማስተካከያ እርዳታ፣ ተወለደ። እንግዲህ ነገሩ ከመነሻው ግብይት ነበር። ሠራተኛው ድጋፉን ሰጠ፤ መንግሥት ቃሉን ሰጠ። ድጋፉ ወዲያውኑ ጥቅም ላይ ዋለ።

ቃሉስ? ሕጉ ከወጣበት ከ1962 እስከ 1969 ድረስ በነበሩት ሰባት ዓመታት ውስጥ አንድም የሠራተኞች አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። አንድም! የሕጉ አንቀጽ የተጻፈው ሠራተኛው ሁለት ነገሮችን እንዲያስረዳ ነበርና፤ ገበያውን ያጥለቀለቀው የውጭ ዕቃ የገባው በዋናነት በቀረጥ ቅነሳው ምክንያት መሆኑን፣ ሥራውን ያጣውም በዋናነት በዚያ ዕቃ ምክንያት መሆኑን። ይህን በማስረጃ ማረጋገጥ ለፕሮፌሰር እንኳ ያስቸግራል፤ ከማቅለጫ ምድጃ ፊት ለተነሣ ሰውማ አይሞከርም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

በ1974ቱ የንግድ ሕግ መስፈርቱ ላላ። በ1980 የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን በገፍ ሲያሰናብቱ የገንዘብ ድጎማው በአንድ ዓመት 1.6 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ቃሉ በእርግጥ መከበር የጀመረው ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን መከበሩ ወጪ እንዳለው በታወቀ በዓመቱ፣ በ1981፣ የሬገን አስተዳደር መቁረጫውን አነሣ። የሠራተኛ ማኅበራቱ ያን ጊዜ ፕሮግራሙን ‹‹የቀብር መድን›› እያሉ ይጠሩት ነበር። እኛ ብንሆን እድር እንለው ነበር። ለእድር ግን ይህ ስም ስድብ ይሆንበታል፤ እድር ድንኳን ከመትከሉ በፊት ለቀስተኛውን የሟችህን አሟሟት በሰነድ አስረዳ አይለውምና።

ይህ ፕሮግራም ግን ይል ነበር። አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰናበቱ ቢያንስ ሦስት ሠራተኞች፣ ወይም ማኅበራቸው፣ ወይም አሠሪው ራሱ፣ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ያስገቡ ነበር። መርማሪ ይመደብ ነበር። ምርቱ ወደ ውጭ መሄዱን፣ ወይም የውጭ ዕቃ ገበያውን መቀማቱን የሚያሳየው ማስረጃ የነበረው በአሠሪውና በደንበኞቹ መዝገብ ውስጥ እንጂ በሠራተኛው እጅ አልነበረም። አቤቱታው ከጸደቀ ሠራተኛው ለሥልጠና ክፍያ፣ መደበኛው የሥራ አጥነት መድን ሲያልቅ ደግሞ ሥልጠናውን እስከተከታተለ ድረስ ለሳምንታዊ ድጎማ ብቁ ይሆን ነበር። ካልጸደቀ እንደ ማንኛውም ሥራ ፈላጊ ይሰለፍ ነበር።

በ2002 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ ፋብሪካው ‹‹ወዴት ሄደ?›› የሚል ጥያቄ አመጣ። ምርቱ የተዛወረው አሜሪካ የነፃ ንግድ ስምምነት ወደፈረመችለት አገር ከሆነ፣ ወይም በአጎዋ፣ በአንዲስ አገሮችና በካሪቢያን የንግድ ዕድል ሕጎች ተጠቃሚ ወደሆነ አገር ከሆነ መንገዱ ቀላል ነው። ወደ ቻይና ወይም ወደ ሕንድ ከሆነ ግን ሠራተኛው የውጭ ዕቃ መጨመሩን ወይም ሊጨምር መቃረቡን ደርቦ ማሳየት ነበረበት። ሥራው የሄደበት ሰው የሄደበትን አገር የዲፕሎማሲ ደረጃ እንዲመረምር የሚገደድበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ሶፍትዌር ይጽፍ የነበረውም ሰው ‹‹አንተ የምትጨበጥ ዕቃ አላመረትክም›› እየተባለ ይመለስ ነበር። የአገልግሎት ሠራተኞችን ለማካተትና የአገር ልዩነቱን ለማስቀረት እስከ 2009 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ጸድቆለትስ? በ2003 ጁላይ 30 ቀን ፒሎቴክስ የተባለው አንሶላና ፎጣ አምራች 16 ፋብሪካዎቹን ዘግቶ ወደ 6,450 ሠራተኞች አሰናበተ፤ አብዛኞቹ በሰሜን ካሮላይና፣ በካናፖሊስና በአካባቢዋ የነበሩ ናቸው። በዚያ ግዛት ታሪክ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሰው ከሥራ ተሰናብቶ አያውቅም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች እርዳታው ተፈቀደ። ነገር ግን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከሽመና መኪናው ያልተለዩ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ ነበሩ። የጊዜው ደንብ ደግሞ ከማጽደቂያው በኋላ በ8 ሳምንት፣ ወይም ከስንብቱ በኋላ በ16 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና ያልተመዘገበ ሰው ድጎማውን ያጣል የሚል ነበር። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሸማኔ፣ የቤት ብድሩ ሳይከፈል፣ የሐኪም ቤት መድኑ ተቋርጦ፣ በአራት ወር ውስጥ ቀሪ ዕድሜውን በምን ሙያ እንደሚያሳልፍ ወስኖ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ይመዝገብ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ የጮኸው ውሻ ደግሞ ዞሮ ባለቤቱን ለምን ዘገየህ ብሎ ይነክሳል።

ፕሮግራሙን የሚተቹት ወገኖች አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። በ2012 የወጣው መንግሥት ያስጠናው ግምገማ፣ በፕሮግራሙ የተሳተፉት ሠራተኞች በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ከተነጻጸሩዋቸው ሰዎች ያነሰ ገቢ እንዳገኙ አሳይቷል። ‹‹ስለዚህ አይሠራም፣ ይዘጋ›› ተባለ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሥራ ላይ ከነበረው ያነሰ ማግኘቱ ምን ያስደንቃል? በ2018 ቤንጃሚን ሃይማን የተባሉት ተመራማሪ ነገሩን በሌላ መንገድ አዩት። የመሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች አንዳንዶቹ ለጋስ፣ አንዳንዶቹ ጥብቅ መሆናቸውን ተመልክተው፣ ፋይላቸው በለጋሱ እጅ የወደቀላቸውንና በጥብቁ እጅ የወደቀባቸውን ሠራተኞች አነጻጸሩ። ዕድል የቀናቸው በአሥር ዓመት ውስጥ በድምሩ ወደ 50 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ብልጫ አገኙ። ብልጫው ከጊዜ ጋር እየጠበበ መሄዱንም ጥናቱ አልደበቀም። እንግዲህ እርዳታው ይጠቅማል። ማን ያገኘዋል የሚለው ጉዳይ ግን ፋይሉ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳረፈ ሲወሰን ኖሯል።

ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ በጓዳው የተሻለ መሣሪያ ነበረው። በ2002 የመጣው የደመወዝ መድን፣ ዕድሜያቸው 50 ዓመት የሞላና በዝቅተኛ ደመወዝ ቶሎ ሥራ የያዙ ሰዎች ከቀድሞ ደመወዛቸው ያጡትን ልዩነት ግማሹን፣ በሁለት ዓመት እስከ 10 ሺህ ዶላር ድረስ ይተካላቸው ነበር። ሃይማን ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ባደረጉት ሌላ ጥናት ይህ አሠራር ሰዎችን ቶሎ ወደ ሥራ እንደመለሰ፣ ገቢያቸውንም እንዳሳደገ፣ መንግሥትም በሚሰበስበው ግብርና ከሥራ አጥነት ክፍያ በሚያድነው ገንዘብ ወጪውን እንደሚመልስ ደርሰውበታል። ወጪውን ራሱ የሚመልስ እርዳታ ከሌሎቹ ጋር ተዘጋ። የቀረበው ምክንያት ገንዘብ ነው የሚለኝ ሰው ካለ እንዴት ልመነው?

ደግሞስ መንግሥት ሲፈልግ መካስ ያውቅበት የለምን? በ2018 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በብረትና በአሉሚኒየም፣ ቀጥሎም በቻይና ዕቃዎች ላይ ቀረጥ ጫኑ። ቻይና አጸፋውን በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ መለሰች። ገበሬው አቤት ሲል በዚያው ዓመት እስከ 12 ቢሊዮን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እስከ 16 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ካሳ ታወጀለት። ገበሬውን በ8 ሳምንት ውስጥ ሌላ ሙያ ተማር ያለው አልነበረም። ለገበሬው በመከፈሉ ቅር አይለኝም፤ መንግሥት በንግድ ውሳኔው የጎዳውን መካሱ ተገቢ ነው፤ የእኔም ሙግት ይኸው ነው። ግን በእነዚያው ዓመታት ለተፈናቃይ የፋብሪካ ሠራተኞች ሥልጠናና ተዛማጅ አገልግሎት ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንዱ በወራት ውስጥ ቢሊዮን፣ ለሌላው ቅጽ፣ መርማሪና የጊዜ ገደብ።

‹‹ሥራውን በማሽን የተነጠቀውስ? ለምን ለንግድ ተጎጂ ብቻ?›› የሚል ጥያቄም አለ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ከጥያቄው የሚወጣው መደምደሚያ ግን ጠማማ ነው። ሁለት ሰዎች ተርበው አንዱ ብቻ እንጀራ ቢያገኝ ፍትሕ የሚባለው ለሁለተኛው መጨመር ነው ወይስ የመጀመሪያውን መንጠቅ? የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ ፈንድ በ2007 ጀምሮ ነበር። በ2021 ደንቡን ሲያሻሽል መነሻውን ወደ 200 ተሰናባች ሠራተኞች ዝቅ አደረገ፤ የስንብቱም ምክንያት ንግድ ይሁን ማሽን ልዩነት እንዳይኖረው ወሰነ። አውሮፓ በሩን ባሰፋች በዓመቱ አሜሪካ ዘጋችው።

እንዴት እንደተዘጋ ልንገራችሁ፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ቅርብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነውና። በ2015 ኮንግረስ ለፕሬዚዳንት ኦባማ ፈጣን የንግድ ድርድር ሥልጣን ሊሰጥ ሲከራከር፣ ይህ እርዳታ የጨዋታው ጠጠር ሆነ። የፕሮግራሙ ደጋፊ የሆኑት ዴሞክራቶች ራሳቸው የድርድር ሥልጣኑን ለማሰናከል ብለው ጁን 12 ቀን በተቃውሞ ድምፅ ሰጡ፤ 302 ለ126 ወደቀ። ከቀናት በኋላ ግን ከሌላ ሕግ ጋር ተዳብሎ አለፈ፤ ጁን 29 ቀንም ተፈረመ። ያ ሌላ ሕግ አጎዋን እስከ 2025 ሴፕቴምበር ያራዘመው ሕግ ነው። በአንድ ሰነድ፣ በአንድ ፊርማ፣ ለአፍሪካ ስፌት ሠራተኛ ገበያው፣ ለአሜሪካ ተፈናቃይ ሠራተኛ ካሳው ታደሰ። ለዚያውም የካሳው ዕድሜ ከገበያው ያጠረ ነበር፤ የተሻሻለው ፕሮግራም እስከ 2021 አጋማሽ፣ የተቆራረጠው ቅሪት ደግሞ አንድ ዓመት ብቻ።

ከዚያ የሆነውን በቀን በቀኑ እንመልከት። በ2021 ኖቬምበር የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ2022 ጃንዋሪ 1 ቀን ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ከአጎዋ ተሰረዘች። በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ቀን የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአዲስ አቤቱታ ላይ የመወሰን ሥልጣኑን አጣ፤ ቀድሞ የጸደቀላቸው ብቻ ቀሩ። በ2015 በአንድ ሕግ የታደሱት ሁለት ተስፋዎች፣ የሐዋሳዋ ልጃገረድና የካሮላይናው ሸማኔ ተስፋ፣ በስድስት ወር ልዩነት ተቀበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት እርዳታውን የሚያድስ አንቀጽ በፌብሩዋሪ 2022 ባሳለፈው ረቂቅ ውስጥ አስገብቶ ነበር። ረቂቁ በኦገስት የቺፕስ ሕግ ሆኖ ሲፈረም ለኮምፒዩተር ቺፕ ኢንዱስትሪ ከ52 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተመደበ፤ የሠራተኞቹ አንቀጽ ግን ተፍቆ ወጥቷል።

እንግዲህ ውሉንና ካሳውን አስተያዩ። አሜሪካ በ2000 ለቻይና የሰጠችው የንግድ ደረጃ በስሙ ‹‹ቋሚ›› የተባለ ነው። ከ1999 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ከቻይና በገባው ዕቃ ምክንያት ከ2 ሚሊዮን እስከ 2.4 ሚሊዮን የሚደርስ ሥራ እንደጠፋ እነ ዴቪድ ኦተርና ዳሮን አሴሞግሉ በ2016 ባወጡት ጥናት ገምተዋል። ኦተር ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በ2013 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ክፉኛ በተመቱት ከተሞች ውስጥ ከዚህ እርዳታ ይልቅ እጅግ የሚበልጠው ጭማሪ የታየው በአካል ጉዳት ጡረታ ላይ መሆኑን አሳይተዋል። ጤነኛ ሰው በመንግሥት መዝገብ ላይ አካል ጉዳተኛ ተብሎ መኖር ከተፈናቃይነት የቀለለ መንገድ ሆኖለታል ማለት ነው። ለገቢ ዕቃው በር የማይዘጋ ቋሚ ሕግ፣ ለተጎዳው ሰው በየጥቂት ዓመቱ እንደ ጊዜያዊ መታወቂያ የሚታደስ፣ ሲፈለግም የማይታደስ ቸርነት።

አንዳንድ ወገኖቼ እዚህ ላይ ያቋርጡኛል። ‹‹የአሜሪካ ሠራተኛ ሲጮኽ እኮ የሚጮኸው በእኛ ላይ ነው፤ ሥራው ወደ ሐዋሳ ቢመጣ ምናችን ይነካል?›› ይላሉ። በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ባወጣው ዘገባ መሠረት በሐዋሳ የአንዲት ጀማሪ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የሌለን፣ የሥራ አጥነት መድንም የማናውቅ ሕዝቦች ነን። ፒቪኤች ሲሄድ ለዚያች ልጅ የቀረላት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚያውቀው የሥራ ስንብት ክፍያ ነው፤ እርሱም ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ያህል ነው። ጦርነቱን አልጀመረችም፤ ከአጎዋ ስትሰረዝም አልተጠየቀችም። የካሮላይናው ሸማኔ እርሷን ሥራዬን የወሰደች ይላታል፤ እርሷ ደግሞ ሥራዬን ያዘጋብኝ አሜሪካዊ ትለዋለች። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ መሆኑን እናውቃለን፤ ሁለቱ ሣሮች እርስ በርስ እንዲካሰሱ ማድረግ ግን የዝሆኖቹ ብልጠት ነው።

ስለዚህም በ2018 የተጀመረውና በ2025 የሰፋው የቀረጥ ዘመቻ የዚህ ዕዳ ክፍያ ነው የሚለውን አልቀበልም። ቀረጥ ወደ ግምጃ ቤት ይገባል፤ በ2003 የተሰናበተችው የፎጣ ሠራተኛ ደጃፍ አይደርስም። ቀረጥ ሌላውን አገር ይቀጣል እንጂ የራስን ዜጋ አይክስም፤ እንዲያውም የሐዋሳዋን ልጅ ዳግመኛ ይቀጣታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉት ነገር ነው።

ምን ይሁን ትላላችሁ? ካሳው የንግድ ሥልጣን መደራደሪያ መሆኑ ይቁምና ዕድሜው ከውሉ ዕድሜ ጋር ይተካከል፤ ገበያው ክፍት እስከሆነ ድረስ ካሳውም ክፍት ይሁን። የማስረዳት ሸክሙ መዝገቡን ከያዘው ከአሠሪው ላይ ይውደቅ። የደመወዝ መድኑ ዕድሜ ሳይለይ ለሁሉም ይድረስ፤ ሥልጠናውም ለሚፈልገው ዕድል እንጂ ለሁሉም ቅጣት አይሁን። በእኛም አገር ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጡ ሹማምንት፣ ፋብሪካው ሲነሣ ለሚሰናበቱት የሚሆን የመድን ፈንድ በዚያው የምረቃ ዕለት ያቋቁሙ፤ መዋጮውንም የግብር እፎይታ ከተሰጠው ባለሀብት ይቀበሉ። ባለሀብቱ ዛሬ የመጣበት መንገድ ነገ የሚሄድበትም መንገድ ነውና።

የእነዚህን ሰዎች ድምፅ የፈለገ መንግሥት በ1962 አግኝቷል፤ ርካሹን ፎጣና ርካሹን ሸሚዝ የፈለገ ሸማችም ለስድሳ ዓመት ለብሷል። ከዚያ ግብይት የቀረው የሠራተኛው ድርሻ ብቻ ነው። ‹‹ሁሉም አትራፊ ነው›› ብሎ የሚሰብክ ምሁርም ሆነ ሹም ከሚቀጥለው ስብከቱ በፊት ይህን ድርሻ ይክፈል፤ ካልከፈለ ግን ቢያንስ ‹‹ሁሉም›› የምትለውን ቃል ከአፉ ያውጣት።